ጓንት የሚያሳክክሽ እህቴ፣ ካሳቫንም ጠርጥሪ

ጋርሁድ አንድ ቪላ ውስጥ ስሠራ ጓንት ባደረግሁ ቁጥር እጄን ያሳክከኝ ነበር። «ክሎሮክሱ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ለልጆቹ ልደት ፊኛ ስነፋ ከንፈሬ አበጠ፤ በሽተኛ ናት ብለው እንዳይመልሱኝ ፈርቼ እሱንም ደበቅሁ። አንድ ቀን የኬረላዋ ወጥ ቤት «ካፓ» የምትለውን ቅቅል ካሳቫ አካፈለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ዓይኔ አበጠ፣ ጉሮሮዬ ጠበበ። እሷ አምቡላንስ ባትጠራልኝ ኖሮ ይህን አልጽፍልሽም ነበር።

ነገሩን ያስረዳኝ ሐኪም ነው። የላቴክስ ጓንትና ፊኛ የሚሠሩት ከጎማ ዛፍ ወተት ነው። የአገራችን ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት እንደሚያፈስ ታውቂያለሽ፤ ቁልቋል፣ ጉሎ፣ የጎማ ዛፍና ካሳቫ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ላቴክስና ካሳቫ ውስጥ የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሰውነትሽ አንዱን ጠላት ካደረገ ሌላውንም በእሱ ሊያሳስተው ይችላል። ሙዝ፣ አቮካዶና ኪዊም ላቴክስ የማይስማማቸውን አንዳንድ ሰዎች ያስቸግራሉ። ያለ ችግር የምትበዪውን ግን በፍርሃት አትተዪ።

ወላይታ ወይም ጋሞ ያደገች እህት ካሳቫን ታውቀዋለች፤ ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል። ዱባይ ውስጥ ግን በሌላ ስም ይመጣብሻል፦ ካፓ፣ የፊሊፒኖዎች ኬክ፣ በቀዝቃዛ ሻይ ውስጥ የሚጨመሩት ጥቁር የታፒዮካ እንክብሎች። (በደንብ ያልተዘጋጀ ካሳቫ ማንንም ሊመርዝ ይችላል፤ ያ ግን አለርጂ አይደለም።)

በሳሙናና በክሎሮክስ የተሰነጠቀ እጅ ሁሉ አለርጂ ነው ማለት አይደለም። ጓንት ባደረግሽ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳሽ ሽፍ ካለ፣ ካስነጠሰሽ ወይም ፊኛ ከንፈርሽን ካሳበጠው ግን ሐኪም ይይሽ። ዱባይ ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ አሠሪሽ የጤና መድን እንዲገባልሽ ያስገድዳል፤ ልመና አይደለም። ለማዳም «ዒንዲ ሐሳሲያ፣ ላቴክስ» በያት። እኔ ስናገር ማዳሜ አላባረረችኝም፤ ሰማያዊ የናይትራይል ጓንት ገዛችልኝ። ሁሉም እንደሷ አይደሉም፣ አውቃለሁ፤ የቪኒል ጓንትም ይሆንሻል፣ ራስሽም ልትገዢው ትችያለሽ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወይም ለወሊድ ስትሄጂ ደግሞ ጓንት ከማጥለቃቸው በፊት ንገሪያቸው።

ጉሮሮሽ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ማዳም እስክትመለስ አትጠብቂ፤ 998 ደውዪ። ተጋደሚና እግርሽን ከፍ አድርጊ፤ መተንፈስ ካስቸገረሽ ተቀመጪ፣ ግን ተነስተሽ አትሂጂ። መድኃኒቱ ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው፤ ወተትም ሎሚም አይተካውም።