የፍም መርዝ፤ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ አጭር ትምህርት

በአገራችን ከሰል የማያውቅ ቤት የለም ለማለት ይቻላል። ቡናው የሚፈላው፥ ወጡ የሚሠራው፥ በብርድ ጊዜም እጅና እግር የሚሞቀው በከሰል ነው። የከተማው ሰው ኤሌክትሪክ ካገኘ ወዲህም ቢሆን ማንደጃው ከቤት አልወጣም፤ መብራት በጠፋ ጊዜማ ይበልጥ ይፈለጋል። ይህን ያህል ቤተኛ የሆነ ነገር ሰው ይገድላል ቢባል ለማመን ያስቸግራል። ነገር ግን ብርዱ በበረታ ቁጥር «በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ» የሚለውን ዜና እንሰማለን፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽንም ስለዚሁ ጉዳይ ሕዝቡን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ነገሩን ከወሬነት አውጥተን በትምህርት ዓይን ብንመረምረው ለሁላችንም የሚጠቅም መስሎናል።

ለምሳሌ እንዲሆነን የሲኤምሲን ሰፈር እንውሰድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአንድ የኢጣሊያ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ሲሆን፥ ከጉርድ ሾላ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። በአንድ በኩል ግቢያቸው የታጠረ ቪላዎች፥ በሌላ በኩል ኮንዶሚኒየሞች፥ በየመካከሉም ገና ያላለቁ ሕንፃዎች አሉበት። በቪላዎቹ ጓሮ ሰርቪስ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ተማሪውም ሠራተኛውም አንዷን ክፍል ተከራይቶ ይኖርባታል። በየበሩ የዘበኛ ቤት፥ በየሕንፃው ሥር የቀን ሠራተኞች የሚያድሩበት የቆርቆሮ መጠለያ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፥ በነዚህ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ የሚደረገው ነገር ተመሳሳይ ነው። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠልና ጭሱ ሲያልቅ ወደ ቤት ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ የመስኮቱ ስንጥቅ በጋዜጣና በጨርቅ ይወተፋል፤ ከዚያም ይተኛል። አደጋው ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ሀ. ጋዙ እንዴት ይፈጠራል?

የከሰል አብዛኛው ክፍል ካርቦን ነው። ካርቦን ሲነድ በቂ አየር ካገኘ፥ አንዱ አቶም ሁለት የኦክሲጅን አቶሞች ይዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ካጠረው ግን አንድ ኦክሲጅን ብቻ ይይዛል፤ ይህም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ስኮትላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዊልያም ክሩክሻንክ ጋዙ ከካርቦንና ከኦክሲጅን የተሠራ መሆኑን ያስረዳው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1800 ነው።

በማንደጃው ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አየሩ ከታች ሲገባ በመጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ይህ ጋዝ በቀላው ፍም መካከል ወደ ላይ ሲያልፍ ከጋለው ካርቦን ጋር እንደገና ተዋሕዶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ከፍሙ በላይ አንዳንድ ጊዜ የምናያት ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ አየር አግኝቶ ሲቃጠል የሚታይ ነው፤ ነበልባሏ ስትጠፋ ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይወጣል። ስለዚህ «ከሰሉ ቀልቷል፤ ጭስ የለውም፤ ከእንግዲህ አያሳስብም» የሚለው ልማድ መሠረት የለውም። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፥ ያስላል፥ ሰውን ያስነሣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም፥ ሽታም፥ ጣዕምም የለውም። እጣን ቢጨስበት አይጠፋም፤ ፍሙን በአመድ አዳፍኖ ማሳደርም ጋዙን አያስቀረውም።

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። አንዲት ክፍል ርዝመቷ 4 ሜትር፥ ስፋቷ 3 ሜትር፥ ከፍታዋ 2 ሜትር ተኩል ብትሆን 30,000 ሊትር አየር ትይዛለች። ግማሽ ኪሎ ከሰል አነደድን፥ ከዚህም 400 ግራሙ ካርቦን ነው እንበል። ከካርቦኑ ከ20 እጅ አንዱ፥ ማለት 20 ግራም ብቻ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢለወጥ፥ በአዲስ አበባ የአየር ግፊት 53 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። ይህም ከክፍሏ አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 1,770 እጅ ያህሉ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የሚከተለውን እንመልከት።

ከሚሊዮን 200 እጅ ሲሆን፥ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ራስ ያማል።
400 እጅ ሲሆን፥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ራስ ምታት ይመጣል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለሕይወት ያሠጋል።
800 እጅ ሲሆን፥ በ45 ደቂቃ ውስጥ ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል።
1,600 እጅ ሲሆን፥ እነዚሁ ምልክቶች በ20 ደቂቃ ይጀምራሉ፤ በአንድ ሰዓት ገደማም ሞት ሊከተል ይችላል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአንድ ሙሉ ቀን የሚፈቅደው በሜትር ኩብ 4 ሚሊግራም፥ ማለት ከሚሊዮን ሦስት ተኩል እጅ ያህል ብቻ ነው። እርግጥ ስሌታችን አየር ከቶ የማይገባባትንና የማይወጣባትን ክፍል የሚመለከት ነው፤ እውነተኛ ቤት ስንጥቅ አለው። ነገር ግን ሰው በብርድ ሌሊት የሚወትፈው ይህንኑ ስንጥቅ ነው።

ለ. በደም ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ኦክሲጅንን ከሳምባ ተቀብሎ ወደ መላው አካል የሚያደርሰው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚሁ ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር ጋዙ በደም ላይ የሚሠራውን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አጥንቷል፤ ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ደግሞ በ1895 እ.ኤ.አ. ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ የሚደርስበትን ሁሉ መዝግቧል። ከ1,000 እጅ አየር አንዱ እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሆነ፥ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የሰውዬው ደም ግማሽ ያህሉ በዚህ ጋዝ ይያዛል። ደሙ በሥሩ እየዞረ ሳለ አንጎልና ልብ ኦክሲጅን ይራባሉ።

በከተማችን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነታችን ይህን ለምዶታል፤ ሆኖም ችግር በደረሰ ጊዜ የሚተርፈው መጠባበቂያ አነስተኛ ነው። እርጉዝ ሴት፥ ሕፃን፥ ሽማግሌና የልብ ሕመምተኛ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳሉ፤ በተለይም ጋዙ በማኅፀን ወዳለው ጽንስ ደም ይተላለፋል።

ሐ. እንዴት ይታወቃል?

በቀድሞ ጊዜ የእንግሊዝ የማዕድን ሠራተኞች ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ በቀፎ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር፤ ወፏ ከሰው ቀድማ ስትወድቅ ይሸሻሉ። ይህ ልማድ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ቆይቶ በመሣሪያ ተተካ። ዛሬ በቤት ግድግዳ የሚሰቀል፥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ አለ። በአውሮፓው ደረጃ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ጋዙ ከሚሊዮን 50 እጅ ሲደርስ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ፥ 100 እጅ ሲደርስ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ፥ 300 እጅ ሲደርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። የጭስ ማስጠንቀቂያ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ሲገዙ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው ዕድሜ አለው፤ በላዩ የተጻፈው ጊዜ ሲያልፍ መለወጥ አለበት።

መሣሪያ ለሌለው ሰው የሚከተሉት ምልክቶች ይርዱት። ትኩሳት ሳይኖር ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ሲመጣ፤ በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲታመሙ፤ ሕመሙም ደጅ ሲወጡ ቀለል ብሎ ሲገቡ ሲመለስ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ከሰሉን መጠርጠር ይገባል። የተኛ ሰው ግን እነዚህን ምልክቶች ሳያያቸው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊያልፍ ይችላል።

መ. ከከሰል ሌላ

ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚወጣው ከማንደጃ ብቻ አይደለም። ጄነሬተር በረንዳ ላይ ወይም በምድር ቤት ውስጥ ማስነሣት እጅግ አደገኛ ነው፤ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሞተር ማሞቅም እንደዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ በ1902 እ.ኤ.አ. የሞተው የጭስ መውጫው በተደፈነ ምድጃ ምክንያት ነው፤ እንግዲህ አደጋው ባለጠጋና ድኻ አይለይም። ከሰል የሚቆጥቡት «ላቀች»ን የመሰሉ ማንደጃዎችም ቢሆኑ ለተዘጋ ክፍል አልተሠሩም።

ሠ. ምን እናድርግ?

፩ኛ. ከሰል በሚነድበት ክፍል አይተኛ። ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሲጨረስ ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ።

፪ኛ. የታፈነ ሰው ያገኘን እንደ ሆነ በሩን ከፍተን ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው፤ እኛም በክፍሉ ውስጥ አንቆይ። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ እናስተኛው፤ ትንፋሹ ከቆመ ሥልጠናው ያለው ሰው ወዲያው ትንፋሽና ልብ የመመለስ ርዳታ ይስጠው። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፥ ለእሳት አደጋ 939 ይደወል። ወተትና ሎሚ ጋዙን ከደም አያስለቅቁትም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ማጠጣትማ ሊያንቀው ይችላል።

፫ኛ. የነቃ ሰውም ሐኪም ቤት ይሂድ። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወርዳል። ለሐኪሙ «ከሰል ነዶ ነበር» ብሎ መንገር ግዴታ ነው፤ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክሲጅን ስለማይለይ ደኅና ቁጥር ሊያሳይ ይችላልና። የማስታወስና የአእምሮ ችግር ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የሚመጣበትም ጊዜ አለ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ዘበኛው ማንደጃውን አቅፎ የሚያድረው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ብርዱ እውነት ነው፤ ያለው ልብስ ግን ቀጭን ነው። ስለዚህ «ከሰል አታንድድ» ብሎ መሄድ ምክር አይሆንም። የሚያሠራው ሰው ወፍራም ብርድ ልብስና ካፖርት ይስጠው፤ ክፍል የሚያከራይ በላይኛው የግድግዳ ክፍል የማይደፈን የአየር መግቢያ ያብጅ። እኛ ተማሪዎችም በየሰርቪስ ቤቱ የምንኖር ገንዘብ አዋጥተን በየክፍላችን አንዳንድ መሣሪያ ብንሰቅል፥ ይህንንም ትምህርት ለጎረቤታችንና ለበራችን ጠባቂ በቃል ብናደርስ፥ ከመጪው ኅዳር በፊት የሚፈጸም ሥራ ነው። ሐሳቡን የምትደግፉ ወንድሞችና እህቶች በየሰፈራችሁ ተሰብስባችሁ እንድትጀምሩት እናሳስባለን።