መብራት ሲሄድም የማይጠፋ ማሽን

በሰሜን ወሎ፣ በውርጌሳም ሆነ በመርሳ፣ መብራት ሲሄድ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያደርገው እቃውን ከሶኬት መንቀል ነው፤ ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ እንዳያቃጥልበት። ልማዱ ጥሩ ነው። ያው ሰው ትልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ማሽን) ወዳለበት ክፍል፣ ለምሳሌ እንደ ወልዲያ ሆስፒታል ወዳለ ተቋም ላቦራቶሪ ሲገባ ግን «መብራት የለም፣ ብነካው ምን ይሆናል» ካለ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ዩፒኤስ የተሠራው ላለመጥፋት ነው።

ከመስመር የሚመጣው 380 ቮልት መጀመሪያ በሬክቲፋየሩ በኩል ያልፋል። እዚያ እንደ ባትሪ ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ይሆናል፤ ባትሪውን ይሞላል፣ ኢንቨርተሩንም ይመግባል። ኢንቨርተሩ መልሶ ንጹሕ፣ 50 ኸርዝ ኃይል አድርጎ ወደ መሣሪያዎቹ ይልካል። ባትሪው ሁልጊዜ የተገናኘ ስለሆነ መስመሩ ሲቋረጥ ክፍተት አይፈጠርም፤ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያሉትን ደቂቃዎች ይሸፍናል።

አደጋው ያለው እዚሁ ባትሪው ጋ ነው። ባለ 12 ቮልት 32 ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ 384 ቮልት ይሆናሉ፤ ሲሞሉ ደግሞ ከ400 ያልፋሉ። የመስመሩ ኃይል በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብሬከር ሲከፈት (ኃይሉን ሲያቋርጥ) የሚነሳው ብልጭታ ቶሎ ይጠፋል። የባትሪው ግን ዜሮ የለውም፤ ብልጭታው ነበልባል ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የባትሪ ብሬከር ለዚሁ ኃይል የተሠራ መሆን አለበት፤ ከገበያ በተገኘ ተራ ብሬከር መተካት እሳት መጥራት ነው።

ከማሽኑ ፊት ያለው ሥዕል ኃይሉ በየት እንደሚያልፍ በመብራት ያሳያል። ጭነት ሲበዛ ወይም ኢንቨርተሩ ሲበላሽ ማሽኑ ራሱ መሣሪያዎቹን ወደ ባይፓስ፣ ማለትም ኢንቨርተሩን ዘሎ ከመስመሩ በቀጥታ ወደሚመጣው መንገድ፣ ያዞራቸዋል፤ መሣሪያዎቹ እንኳ አይሰማቸውም። በእጅ የሚዞረው የጥገና ባይፓስ ግን ሌላ ነው፣ ቅደም ተከተልም አለው፦ መጀመሪያ ከፓነሉ ወደ ባይፓስ ማዞር፣ መብራቱ መቀየሩን በዓይን ማየት፣ ከዚያ የጥገናውን ማዞሪያ ማብራት፣ በመጨረሻ የዩፒኤሱን የመውጫ ብሬከር መክፈት (ማቋረጥ)። ኢንቨርተሩ እየሠራ ሳለ ማዞሪያው ቢበራ ሁለት የማይጣጣሙ ኃይሎች ይጋጫሉ። ብዙ ማሽን ይህን የሚከለክል ቁልፍ ወይም መቆለፊያ አለው። ማዞሪያው እምቢ ሲል የሚታገል ሠራተኛ፣ ማሽኑ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ እየታገለ ነው። ጥገናው እስኪያልቅ ላቦራቶሪው ጥሬ መስመር ላይ ስለሆነ ባለሙያዎቹ አስቀድመው ይነገራቸው።

በክዳን የተሸፈነው ቀይ ቁልፍ ለእሳትና ለኤሌክትሪክ አደጋ ብቻ ነው። ሲጫን መውጫውን ወዲያው ይቆርጣል፤ ማሽኑን መልሶ ለማስነሳትም ሰው ያስፈልጋል። በአንዳንዱ የባትሪውን ብሬከር ይጥላል፣ በሌላው ግን ባትሪው እንደተያያዘ ይቀራል፤ የትኛው እንደሆነ በገዛ ማሽናችሁ መመሪያ ላይ አረጋግጡ። ከዚያም በኋላ በማሽኑ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ። በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ሳይጠብቁ፣ በመለኪያም ሳይለኩ እጅ ማስገባት አይገባም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ መከላከያ አለ፦ የባትሪው ኃይል በመግቢያው በኩል ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው። እሱ ከሌለ፣ መስመሩ ሞቷል ብሎ የሕንፃውን ገመድ የያዘ ኤሌክትሪሻን በዚያው ገመድ ይመታል። እኔ ማሽን ስረከብ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው።

ሙቀትም አለ። የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ ነው፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግምት በግማሽ ያጥራል። እንደ ሀብሩ ቆላ ባለ ሞቃት አገር የባትሪ ክፍል አየር ማግኘት አለበት፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን እንዳይጠራቀምም ነው።

ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. በኋላ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ሰሜን ወሎ ለወራት ያለ መብራት ቆይቶ ነበር። ዩፒኤስ ለደቂቃዎች እንጂ ለወራት አልተሠራም። ባትሪው ባዶውን ሲቆይ ውስጡ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት ይደነድንና ዳግም እንደ ፊቱ አይሞላም። መብራት ለረጅም ጊዜ እንደማይመጣ ሲታወቅ ማሽኑን በሥርዓት አጥፍቶ የባትሪውን ብሬከር መክፈት ቢያንስ ፍሰቱን ያቆመዋል። መስመሩ ሲመለስም ብሬከሩን ከመዝጋት (ከማገናኘት) በፊት የእያንዳንዱን ባትሪ ቮልት መለካት፣ ያበጠውን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከተከታታዩ አንዱ ውስጡ ሾርት ሆኖ ከሞተ መሙያው የቀሩትን ከልክ በላይ ይሞላቸዋልና።