የሠርጉ ካሴት ለምን ይንጫረራል?

ጥያቄ፦ በ1988 ዓ.ም. የተቀረጸ የወላጆቼ የሠርግ ቪዲዮ ካሴት አለን። በጎረቤት ዴክ ስንከፍተው ዘፈኑ ከግራም ከቀኝም ጥርት ብሎ ይሰማና ድንገት እየተንጫረረ ይቆራረጣል። በእኛው አሮጌ ዴክ ግን የታፈነ ቢሆንም አይቆራረጥም። የተበላሸው ካሴቱ ነው?
አንባቢ፣ ከዘነበወርቅ

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ካሴቱ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ድምፁ ሁለት ቦታ የተቀረጸ ይመስለኛል። አንደኛው በክሩ ጠርዝ ላይ ያለ ቀጭን መስመር ነው፤ በፓል ሥርዓት ክሩ በሴኮንድ 2.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ ድምፁ ይታፈናል። የእርስዎ ዴክ የሚያነበው ይህን ነው። ሁለተኛው ሃይ-ፋይ የሚባለው ስቴሪዮ ነው፤ በደቂቃ 1,500 ጊዜ በሚሽከረከር ድራም ላይ ያሉ ሄዶች ከምስሉ ሥር ጠለቅ አድርገው ይቀርጹታል። ጥራቱም ጣጣውም ከዚሁ ነው፤ ሄዱ ከመስመሩ ጥቂት ከሳተ ወይም ከቆሸሸ ይንጫረራል።

በመጀመሪያ «ትራኪንግ» የሚለውን ቀስ እያሉ ያስተካክሉ። ካልተሻለ የድምፅ ምርጫውን «ኖርማል» ላይ ያድርጉት። ሄዱን በጥጥ አይጥረጉ፤ በቀላሉ ይሰበራል፣ ለባለሙያ ይተዉት። ክሩ ላይ ሻጋታ ካዩም ዴክ ውስጥ ሳይከቱ ለባለሙያ ያሳዩ። ወደ ፍላሽ ሲያስገለብጡ ነጩም ቀዩም የድምፅ ገመድ መሰካቱን ይመልከቱ፤ ነጩ ብቻ ከተሰካ የቀኙ ድምፅ ይቀራል።