ፖስ ማሽን ከመቀበልዎ በፊት፦ የጉለሌ ምግብ ቤት ባለቤት ማወቅ ያለብዎ

የባንክ ሠራተኛ ፖስ (የካርድ ክፍያ መቀበያ ማሽን) ይዞ መጥቶ «ማሽኑ በነፃ ነው፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ቢልዎ አይቸኩሉ። ማሽኑ በነፃ ቢቀመጥልዎም በካርድ ከሚሸጡት ላይ በየቀኑ ኮሚሽን ይቆረጣል። ምግብ ቤት ደግሞ ትርፉ ስስ ነው። ሽንኩርትና ዘይት በጨመሩ ቁጥር ምን እንደሚሰማዎ ያውቃሉ፤ ኮሚሽኑንም በዚያው ዓይን ይዩት።

ስንት በመቶ ነው? ለየትኛው ካርድ?

ካርዱ ማሽኑ ላይ ሲነካ ገንዘቡ በሦስት እጅ ያልፋል፦ ካርዱን ባወጣው ባንክ፣ ማሽኑን ባስቀመጠልዎ ባንክና ሁለቱን በሚያገናኘው መረብ። ለአገር ውስጥ ካርድ አገናኙ ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች ነው። ለውጭ ካርድ ደግሞ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያለው መረብ ነው፤ ከክፍያው ድርሻ የሚወስደው ባንክም ውጭ አገር ነው። ካርዱና ማሽኑ የአንድ ባንክ ከሆኑ ግን የሚካፈል ሌላ ባንክ የለም፤ ለመደራደር ሰፊው ቦታም ይሄ ነው። ስለዚህ ሦስት ቁጥር ይጠይቁ፦ ለባንኩ ለራሱ ካርድ፣ ለሌሎች ባንኮች ካርድ፣ ለውጭ አገር ካርድ። ሦስቱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። «ሁሉም አንድ ነው» ከተባሉ፣ ርካሹ ካርድ በውዱ ዋጋ እየተቆረጠ እንዳይሆን ደግመው ይጠይቁ።

ከሦስቱ የትኛው እንደሚከብድዎ ቤትዎ ያለበት ቦታ ይነግርዎታል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ ከሆኑ የአሜሪካ ኤምባሲ ጎረቤትዎ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም እንግዳ ያመጣልዎታል። ለእርስዎ የውጭ ካርድ ኮሚሽን ዋናው ቁጥር ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ለአስታማሚና ለሠራተኛ ምሳ የሚያቀርቡ ከሆነ ግን የውጭ ካርድ ዋጋ ብዙም አያስጨንቅዎ፤ የእርስዎ ገበያ ቴሌብርና የሞባይል ባንኪንግ ነው። አዲሱ ገበያ አካባቢም ያው ነው።

ኮሚሽኑ የሚቆረጠው ከየትኛው ብር ላይ ነው?

ብዙ ባለቤት የሚዘነጋው ይሄንን ነው። ለምሳሌ የ1,000 ብር ምግብ ሸጡ እንበል። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል 1,265 ብር ይሆናል። ማሽኑ ላይ የሚመታው 1,265 ነው። ኮሚሽኑ 2 በመቶ ቢሆን (ለስሌት ያህል ነው፣ የእርስዎን ከውልዎ ያንብቡ) 25 ብር ከ30 ሳንቲም ይቆረጣል። ከዚህ ውስጥ 5 ብር ከ30 የተቆረጠው ለመንግሥት በሚያስገቡት ቫትና በሰርቪስ ቻርጁ ላይ ነው። በመጨረሻ ከ1,000 ብሩ ምግብ 100 ብር የሚተርፍዎ ከሆነ የትርፍዎ ሩብ ሄደ ማለት ነው። «ሁለት በመቶ ምን አላት» የሚል ካለ ይህችን ስሌት ያሳዩት።

ለሠራተኛው የሚሰጠው ቲፕም ማሽኑ ላይ ከተመታ ኮሚሽን ይበላዋል። ደንበኛው ቲፑን በእጅ ወይም በቀጥታ ለአስተናጋጁ ቢሰጥ ለሁሉም ይሻላል። በኮሚሽኑ ላይ ራሱ ቫት ይታሰብ እንደሆነም ይጠይቁ፤ የተነገረዎ መቶኛ እሱን ያላካተተ ሊሆን ይችላል።

«በአካውንት ላክልኝ» ነፃ ነው?

ለደንበኛው የሚያስከፍለው ትንሽ ነው፣ ለእርስዎም ኮሚሽን የለውም። ሆኖም በሌላ በኩል ያስከፍላል። ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሞልቶ አስተናጋጁ ስክሪንሾት አይቶ «እሺ» ይላል፤ ስክሪንሾት ደግሞ በስልክ ተስተካክሎ ይሠራል። አንድ የተጭበረበረ የ1,265 ብር ሂሳብ የሃምሳ ሂሳብ ኮሚሽን ይበላል። ማረጋገጫው ደንበኛው ስልክ ላይ ያለው ምስል መሆን የለበትም፤ የእርስዎ አካውንት ላይ የገባው ብር ነው። የባንኩ መልእክት እርስዎ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ብቻ የሚገባ ከሆነ ካሸሯ ምንም ማየት አትችልም። ለካሽ መደቡ የራሱ ስልክ ይኑረው፤ መልእክቱም እዚያ ይግባ።

በአስተናጋጅ የግል አካውንት መቀበልን ፈጽሞ አይፍቀዱ። ሽያጩ ከመዝገብዎ ይወጣል፣ ጠብም ያመጣል።

ቴሌብር (ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ) እና ኤም ፔሳ (ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ) ለነጋዴ የተለየ መለያ ቁጥርና ኪውአር አላቸው። የነጋዴ ኮሚሽናቸውን ከባንኩ የፖስ ዋጋ ጎን ያስቀምጡና ያወዳድሩ፤ የሚያንሰውን ኪውአር ጠረጴዛው ላይ ያድርጉት፣ ፖሱን ካሸሯ ጋ ያስቀምጡ። ደንበኛ እጁ የደረሰበትን ይጠቀማል።

ከመፈረምዎ በፊት በአጭሩ

ገንዘቡ አካውንትዎ የሚገባው በዚያው ቀን ነው ወይስ በስንት ቀን? ቅዳሜ ማታ የሸጡት መቼ ይደርስዎታል? ሰኞ ገበያ ወጥቶ ዕቃ የሚገዛ ቤት ይህን ማወቅ አለበት። የማሽን ኪራይ፣ ወርሃዊ ክፍያ ወይም ዝቅተኛ የሽያጭ መጠን አለ? ማሽኑ ቢሰበር የማን ዕዳ ነው? ኮሚሽኑን ባንኩ ብቻውን መጨመር ይችላል? ኮሚሽኑን በደንበኛው ሂሳብ ላይ መጨመር ውሉ ይከለክላል?

ኔትወርክ ሲቋረጥ «አልተሳካም» ብሎ ከደንበኛው አካውንት ግን የሚቆርጥበት ጊዜ አለ። በድጋሚ ከመምታትዎ በፊት የሚደውሉበት፣ ማታና እሑድ የሚያነሳ ስልክ ቁጥር ይጠይቁ። የተሳሳተ ሂሳብ በዚያው ቀን ከሴትልመንት (የፖሱ ሂሳብ ተዘግቶ ወደ ባንክ ከመተላለፉ) በፊት ሲሰረዝና በኋላ ተመላሽ ሲደረግ ኮሚሽኑ ምን እንደሚሆንም ይወቁ።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ማታ ማታ የካሽ ሬጂስተሩን ዜድ ሪፖርት (የዕለት ሽያጭ ማጠቃለያ)፣ የፖሱን ሴትልመንትና ባንክ የገባውን ብር ጎን ለጎን ያስተያዩ። የሂሳብ መዝገብ የሚይዙ ከሆነ የተቆረጠው ኮሚሽን የንግድ ወጪ ስለሆነ ማስረጃውን ለሂሳብ ሠራተኛዎ ይስጡ።

ዋጋው ይቀንሳል?

ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ፣ ካልጠየቁት ግን አይቀንስም። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ለካርድ አውጪው ባንክ የሚሄደውን ድርሻ ለዴቢት 0.2፣ ለክሬዲት 0.3 በመቶ ላይ ገድቧል። ህንድ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞባይል ክፍያ ሥርዓቷ በዩፒአይና በአገሯ ካርድ በሩፔይ ዴቢት ለሚደረግ ክፍያ ከነጋዴ ኮሚሽን እንዳይወሰድ ከልክላለች። እርስዎ ግን መደራደር አለብዎ፤ ባንክ ደግሞ አካውንትዎ ውስጥ የሚያድረውን ተቀማጭ ይፈልጋል። የዕለት ሽያጭዎን የሚያስገቡበት ባንክ ከሌላው የተሻለ ዋጋ ሊሰጥዎ ይገባል።

ብቻዎን አይሂዱ። በመንገድዎ ያሉ አራት አምስት ምግብ ቤቶች የወር ሽያጫችሁን ደምራችሁ አንድ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ጋ ብትገቡ የምትሰሙት ቁጥር ይለያል። የሁለት ባንኮችን ዋጋ በጽሑፍ ሳይዙ ግን አይፈርሙ።