ቫይረሶች የሰውነትን መከላከያ የሚያመልጡት እንዴት ነው? ከአይጦች የተገኘ ትምህርት

ወረርሽኝ በተከሰተ ቁጥር ከኅብረተሰቡ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ቫይረሱ ስለምን ይለዋወጣል?» የሚል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ካስገኙ ምርምሮች መካከል በአይጦች ሬትሮቫይረሶች ላይ የተካሄዱት ይገኙበታል። ኤችአይቪም የሬትሮቫይረስ ወገን በመሆኑ፣ ከአይጦች የተገኘው ዕውቀት ለሰው ልጅ ጤና ጠቀሜታው ከፍተኛ ነው።

ሬትሮቫይረስ ምንድን ነው?

ሬትሮቫይረስ የዘር መረጃውን በአርኤንኤ መልክ የሚይዝ ቫይረስ ነው። ወደ ሕዋስ ከገባ በኋላ ይህን መረጃ ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ ከሕዋሱ ዘረመል ጋር ያዋህደዋል። ግልበጣውን የሚያከናውነውን ኢንዛይም ዴቪድ ባልቲሞር እና ሃዋርድ ቴሚን እ.ኤ.አ. በ1970 በየፊናቸው አግኝተዋል። ባልቲሞር ከተጠቀመባቸው ቫይረሶች አንዱ በአይጦች ላይ የደም ካንሰር የሚያስከትል ነበር። ይህ ኢንዛይም በሚገለብጥበት ጊዜ ይሳሳታል፤ ስሕተቱንም መልሶ አያርምም። በመሆኑም በአንድ አካል ውስጥ እንኳ በጥቂቱ የሚለያዩ በርካታ ቫይረሶች ይፈጠራሉ።

በአይጦች ላይ የታየው

የአይጦች ሕዋስ ኤፍቪ1 የተባለ ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው፤ ዓይነቱም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ይህ ፕሮቲን የቫይረሱን ዘረመል የሸፈነውን ቅርፊት ለይቶ በመያዝ፣ ቫይረሱ ከሕዋሱ ዘረመል ጋር እንዳይዋሃድ ያግዳል። ይሁን እንጂ በቅርፊቱ ፕሮቲን 110ኛ ቦታ ላይ የሚገኘው አንድ አሚኖ አሲድ ሲለወጥ፣ ቀድሞ ይታገድ የነበረው ቫይረስ መከላከያውን ሊያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው መከላከያ አፖቤክ3 ሲሆን፣ የቫይረሱን የግልበጣ ሥራ ያውካል። የአይጦች የደም ካንሰር ቫይረስ ግን ግላይኮጋግ በተባለ ፕሮቲን አማካይነት አስኳሉን በማጽናት ከዚህ ጥቃት ይጠበቃል። ኤችአይቪም በበኩሉ ቪፍ የተባለውን ፕሮቲን በመጠቀም በሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ መከላከያ እንዲወድም ያደርጋል። መንገዳቸው ቢለያይም ውጤቱ አንድ ነው።

ቫይረስ አስቦ ወይም አቅዶ እንደማይለወጥ ልብ ሊባል ይገባል። ለውጡ በግልበጣ ስሕተት ይፈጠራል፤ አብዛኛው ለውጥም ቫይረሱን አይጠቅመውም። መከላከያውን ለማለፍ የሚያስችል ለውጥ ያገኘው ግን ሌሎቹ ሲታገዱ እርሱ ይባዛል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ቫይረስ ካልተባዛ አይለወጥም። የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ሁሉ በዚህ እውነት ላይ የተመሠረቱ ናቸው፦

• የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በየቀኑ ሳያቋርጡ ይውሰዱ። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል፤ ቫይረሱም እንደገና ይባዛል፤ መድኃኒቱን የተላመደው ዓይነትም የበላይነት ያገኛል።

• ጤንነት ስለተሰማዎት ብቻ ሕክምናዎን አያቁሙ፤ መድኃኒትዎንም ለሌላ ሰው አያካፍሉ። ያስቸገረዎት ነገር ካለ ለጤና ባለሙያ ያማክሩ።

• በወረርሽኝ ወቅት ክትባትዎን በወቅቱ ይውሰዱ፤ የታዘዙትን የመከላከያ ዘዴዎች ይተግብሩ። ከሰው ወደ ሰው የሚደረገው መተላለፍ በቀነሰ መጠን ቫይረሱ የሚለወጥበት ዕድልም ይቀንሳል።

• ኤችአይቪ ከአይጥ ወደ ሰው አይተላለፍም። ከዚህ የተለየ ወሬ ቢሰሙ ለሌሎች ከማስተላለፍዎ በፊት በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ተቋም ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያረጋግጡ።