ሕፃን ሳለ የወሰደው አንቲባዮቲክ ሲያድግ ያወፍረዋል?

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 8 ወሩ ነው። በኦፕራሲዮን ተወለደ፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዷል፤ አንዴ ለሳንባ ምች፣ አንዴ ለጉንፋን። የአንጀቱ ባክቴሪያ ስለተበላሸ ሲያድግ ለውፍረትና ለስኳር በሽታ ይጋለጣል የሚባለው እውነት ነው? ፕሮባዮቲክ ልግዛለት?

መልስ፦ የሰሙት መሠረት አለው፤ ከአይጥ ወደ ሰው ሲሻገር ግን ተጋኗል። ነገሩ የጀመረው ከእርባታ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዶሮና አሳማ ቶሎ እንዲደልቡ መኖአቸው ላይ ጥቂት አንቲባዮቲክ ይጨመር ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ይህን ጨርሶ የከለከለው በ2006 ነው። እንስሳን ካደለበ ሕፃንንስ? ከዚህ ጥያቄ የተነሱት ተመራማሪዎቹ ሎራ ኮክስና ማርቲን ብሌዘር በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን ጥናት በ2014 አወጡ። የአይጥ ግልገሎች በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ብቻ፣ ማለትም ጡት እስኪጥሉ ድረስ፣ ጥቂት ፔኒሲሊን ተሰጣቸው። መድኃኒቱ ሲቆም የአንጀታቸው ባክቴሪያዎች አገገሙ። አይጦቹ ግን አድገውም ስባቸው ከሌሎቹ በለጠ፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ሲበሉ ደግሞ ባሰ። መድኃኒቱን ከወሰዱት አይጦች የተገኘው ባክቴሪያ ከጀርም ነፃ ሆነው ላደጉ አይጦች ሲሰጥ፣ ፔኒሲሊን ቀምሰው የማያውቁት እነዚህም ስብ አበዙ። እንግዲህ ወሳኙ የባክቴሪያው መጥፋት ብቻ ሳይሆን የጠፋበት ዕድሜ ነው ማለት ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጀት ማንም ያልሰፈረበት መሬት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት አለ፤ በብዛቱ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። የሚመግበው ሕፃኑን ሳይሆን ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉትን ነው። እነሱ ያንን በልተው አሲድ ያመነጫሉ፤ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ዳይፐር ኮምጠጥ ያለ ሽታ የሚኖረውም በዚሁ ነው። አሲዱ ጎጂ ተህዋስያንን ያርቃል፣ የአንጀቱንም ግድግዳ ያጠነክራል። ልጁ 3 ዓመት ሲጠጋ ስብጥሩ የአዋቂን ይመስላል።

ታዲያ ልጄ አለቀለት እንዳይሉ። በፊላዴልፊያ ሕፃናት ሆስፒታል ሥር ባሉ ክሊኒኮች ከ38,000 በላይ ልጆችን እስከ 7 ዓመታቸው የተከታተለ የ2016 ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት አንቲባዮቲክ በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ይህ ነው የሚባል የክብደት ልዩነት አላገኘም። ኦፕራሲዮኑንም በተመለከተ ወደ 100,000 የሚጠጉ የስዊድን ወጣት ወንዶች ተመርምረው፣ እናትየዋ ከማርገዟ በፊት የነበራት ክብደት ከግምት ሲገባ ልዩነቱ ጠፍቷል። ከባድ ክብደት ያላት እናት በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏም ሆነ ልጇ የመወፈር ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ጥፋቱ የቢላዋው አልነበረም።

«ምንም ካላመጣ ለጉንፋንም ቢሰጠው ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። በዚያው በፊላዴልፊያ ተሠርቶ በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት፣ 2 ዓመት ሳይሞላቸው 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የወሰዱ ልጆች ለውፍረት ያላቸው ዕድል በጥቂቱ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ለጉንፋን የሚሰጠው ጥቅም ግን ዜሮ ነው፤ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነውና። ለሳንባ ምቹ የተሰጠው ሕይወት ያተርፋል፤ እሱን በጭራሽ አይጸጸቱበት። የሚጸጽተው ፋርማሲ ሄዶ «የባለፈውን አሞክሳሲሊን ስጡኝ» ማለት ነው።

ፕሮባዮቲኩን አይግዙ፤ ውፍረትን እንደሚከላከል የተረጋገጠ ነገር የለም። ይልቅ ጡቱን እስከ 2 ዓመት ይቀጥሉለት፤ ምስር፣ ክክ፣ ዱባና ጎመን አድቅቀው ይጨምሩለት፤ ባክቴሪያው የሚወደው አሰር ያለው እዚያ ነው። የቤት እርጎ ደግሞ ባልፈላ ወተት የሚሠራ ከሆነ ይቆይ፤ ብሩሴላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ወደፊት ሌላ ልጅ ከወለዱ እንገሩን አይድፉ፣ ቅቤም አያስልሱ። ይኼኛው ልጅዎ እስከ 1 ዓመቱ ሲያስለው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ 50 ከደረሰ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ አንቲባዮቲክ ከታዘዘለትም ሳያመነቱ ይስጡት።