ስለ ኢንዶኔዢያ መንደሮች ልማት

ኢንዶኔዢያ በብዙ ሺሕ ደሴቶች ላይ የተዘረጋች አገር ናት፤ መንደሮችዋም ከ70,000 ይበልጣሉ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓመት የመንደር ሕግ ወጣ፤ ከ2015 ዓመት ጀምሮም መንግሥት ለየመንደሩ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ገንዘቡ በምን ሥራ ላይ እንዲውል የመንደሩ ሰዎች በጉባኤ ይመክሩ ዘንድ ሕጉ ያዛል።

ነገር ግን ገንዘቡን ከመስጠት ይልቅ ምክሩን የሁሉ ማድረግ ይከብዳል። በብዙ ስፍራ ሹሙና ጥቂት ባለጸጎች ሲናገሩ ሴቶችና ድኆች ዝም ብለው ይሰማሉ። መንገድና ድልድይ ለዓይን ስለሚታይ ቶሎ ይሠራል፤ ሙያ ማስተማር ግን ይዘገያል።

ሕዝቡ ጎቶንግ ሮዮንግ በሚባል፥ ደቦን በሚመስል ልማድ፥ በጉልበት መረዳዳትን ያውቃል። እንግዲህ በደቦው የሚቈፍር ድኻ በጉባኤውም ሲደመጥ፥ ያን ጊዜ ልማቱ የሕዝቡ ይሆናል።